የቀረውን ሰው የሚጠይቅ ኅብረት

ሐዋርያው ጳውሎስ በሰንሰለት ታስሮ ወደ ሮሜ ሲቃረብ የሆነውን ነገር ሉቃስ በሐዋርያት ሥራ የመጨረሻ ምዕራፍ ውስጥ በአንዲት ቁጥር ነግሮን ያልፋል። በከተማይቱ ይኖሩ የነበሩ ወንድሞች መምጣቱን ሰምተው እስከ አፍዩስ ፋሩስና እስከ ሦስት ማደሪያ ድረስ ሊቀበሉት ወጡ። ሦስት ማደሪያ ከሮሜ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ አፍዩስ ፋሩስ ደግሞ ከ60 ኪሎ ሜትር ያልፋል። በእግር ለሚሄድ ሰው ይህ ቢያንስ አንድ ሌሊት መንገድ ላይ ማደርን የሚጠይቅ ጉዞ ነው። የሚቀበሉትም ሰው በወታደር የሚጠበቅ እስረኛ ነበር። ጳውሎስ ግን ባያቸው ጊዜ እግዚአብሔርን አመሰገነ፣ ልቡም ተጽናና።

ይህችን ቁጥር ባነበብሁ ቁጥር የሚገርመኝ ከእርስዋ በፊት ያለው ታሪክ ነው። ያ ሰው ከጥቂት ጊዜ በፊት በማዕበል በተናወጠች መርከብ ላይ ሆኖ ሌሎቹን ሲያደፋፍር የነበረ ነው። በዚያች ሌሊት የእግዚአብሔር መልአክ አጠገቡ ቆሞ በቄሣር ፊት እንደሚቆምና እንደማይጠፋ ነግሮታል። ስለ ነገው ከሰማይ ቃል የተቀበለ ሰው ከዚህ በላይ ምን ማጽናኛ ያስፈልገዋል ብለን ልንጠይቅ እንችላለን። ሉቃስ ግን ልቡ የተጽናናው መንገድ ወጥተው የጠበቁትን ሰዎች ፊት ባየ ጊዜ መሆኑን ሳያፍር ጻፈልን። የመልአኩ ቃል የወንድሞችን መምጣት ትርፍ ነገር አላደረገውም።

ለሮሜ ምእመናን የላከው መልእክት ደግሞ ከዚያ ጉዞ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ የተጻፈ ነው። በመግቢያው ላይ ሊያያቸው እንደሚናፍቅ፣ መንፈሳዊ ስጦታም እንዲያካፍላቸው እንደሚፈልግ ከገለጸ በኋላ ንግግሩን መለስ ያደርግና፣ ይህን ማለቱ በእነርሱና በእርሱ እምነት አብረው እርስ በርሳቸው እንዲጽናኑ መሆኑን ያስረዳቸዋል። አስተማሪያቸው ሆኖ ሊመጣ ያሰበው ሰው «እኔም ከእናንተ እጽናናለሁ» ብሎ አስቀድሞ ጽፎላቸዋል ማለት ነው። በመንገድ የተቀበሉት ሰዎች ያንን ደብዳቤ ሲነበብ ከሰሙት መካከል ነበሩ ብዬ ማሰብ ደስ ይለኛል፤ አንዳንዶቹም በጵርስቅላና በአቂላ ቤት ከምትሰበሰበው ቤተ ክርስቲያን የመጡ ይሆናሉ። በደብዳቤ የተነገራቸውን ነገር አምነው፣ ይህ ታላቅ ሰው የእኛ መምጣት ያስፈልገዋል ብለው ተነሡ።

እኛ ዘንድ ግን ስለ ኅብረት ስንናገር ነገሩ የደካሞች መደገፊያ ይመስላል። «ጠንካራ አማኝ» የምንለው ብዙውን ጊዜ ማንንም የማያስቸግረውን፣ ለብቻው የሚጾመውን፣ ለብቻው የሚጸልየውን፣ ችግሩን ማንም ሳያውቅበት የሚወጣውን ሰው ነው። በዚህ መለኪያ ከሄድን ጳውሎስ ራሱ ጠንካራ አይደለም፤ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው ሁለተኛ መልእክቱ በመቄዶንያ ሳለ በውጭ ጠብ በውስጥም ፍርሃት እንደ ነበረበት፣ ኀዘንተኞችን የሚያጽናና አምላክም በቲቶ መምጣት እንዳጽናናው ተናግሯል። እግዚአብሔር ያጽናናው ቲቶ የሚባል ሰው መንገድ ተጉዞ በበሩ በመግባቱ ነው። የቤተ ክርስቲያን መሪዎች ጉዳይ በተለይ ያሳስበኛል። በየሳምንቱ መድረክ ላይ ቆሞ ሌላውን የሚያጽናና መጋቢ ከመድረክ ሲወርድ በስሙ ጠርቶ «አንተስ እንዴት ነህ?» የሚለው ሰው ስንት ነው? ጥያቄውን የሚጠይቅ ቢገኝ እንኳ «ጌታ ይመስገን» ከሚለው መልስ አልፎ የሚጠብቅ ጥቂት ነው።

ስለ ኅብረት መጀመሪያ የተማርሁት ከወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አይደለም። አያቴ ኦርቶዶክስ ነበረች፤ በየወሩ በ12 የሚካኤል ጽዋ ማኅበር ነበራት። በልጅነቴ የማስታውሰው ጠላውንና ዳቦውን፣ ቄሱ ጸሎት አድርሰው እስኪባርኩ ድረስ ዳቦው እንዳይነካ የሚደረግብንን ጥበቃ ነው። ካደግሁ በኋላ ግን ያ ሥርዓት ምን ያህል በብልሃት የተሠራ እንደ ሆነ ማስተዋል ጀመርሁ። ማኅበሩ በተራ ይዞራል፤ የዚህ ወር ተረኛ ሲያበላና ሲያጠጣ የሚቀጥለው ተረኛ ጽዋውን ያነሣል፣ ወደ ቤቱም ይወስደዋል። ስለዚህ ሁልጊዜ ተቀባይ ሆኖ የሚኖር ሰው የለም፤ ሁልጊዜ ሰጪ ሆኖ ሌላውን ባለዕዳ የሚያደርግም የለም። ድኻው አባል የሚያቀርበው ዳቦ ከሀብታሙ ዳቦ ቢያንስም ተራው ያው አንድ ተራ ነው። ሙሴ የሚባለው የማኅበሩ መሪም ዓይኑን በተሰብሳቢው ላይ ጣል አድርጎ ያልመጣውን ይፈልጋል። አንድ ሰው ያለ ምክንያት ከቀረ፣ ከማኅበሩ አንዱ ወደ ቤቱ ብቅ ብሎ ታምሞ እንደ ሆነ፣ ተቀይሞ እንደ ሆነ፣ ወይም እጅ አጥሮት ተራውን ፈርቶ እንደ ሆነ ያጣራል። የመጨረሻው ምክንያት ከተገኘ ነገሩ ሳይወራ ሌሎቹ ተረዳድተው ያወጡታል።

በዚህ ጽሑፍ ልናገር የፈለግሁት ነገር ሁሉ ከዚያ ማኅበር ውስጥ ሊወጣ ይችላል። ክርስቲያናዊ ኅብረት የሚታወቀው በተሰበሰበው ሰው ብዛት ወይም በዝማሬው ድምቀት አይደለም፤ አንድ ሰው ሲጎድል መጉደሉ የሚታወቅበትና ተነሥቶ የሚፈልገው ሰው ያለበት መሆኑ ነው። መበረታታትም ከዚህ ይመነጫል፤ የማያውቅህ ሰው ሊያሞግስህ ይችል ይሆናል እንጂ ሊያበረታህ አይችልም። ከምድጃ ተለይቶ ስለሚጠፋው ፍም የሚነገረውን ምሳሌ ሁላችንም በስብከት ሰምተነዋል። እኔ ግን ጥፋቱን ሁሉ በተለየው ፍም ላይ ብቻ መጣላችን ሁልጊዜ ያሳስበኛል፤ በምድጃው ዙሪያ የተቀመጡት መለየቱን ሳያዩ ቀርተው እንደ ሆነስ?

ይህ ነገር በአገራችን እንዴት እንደሚሠራ በግልጽ የታየበት ዘመን አለ። በጥር 1974 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት የመሠረተ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ዘጋ። የጸሎት ቤቶቹ ተወሰዱ፣ የባንክ ሒሳቡ ታገደ፣ መሪዎቿም ለፍርድ ሳይቀርቡ ከአራት ዓመት በላይ ታሰሩ። በዚያን ጊዜ የምእመናኑ ቁጥር 5,000 አካባቢ ነበር። ደርግ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሲወድቅና ቤተ ክርስቲያኒቱ በይፋ ስትወጣ ግን ቁጥሩ ከ30,000 በላይ ደርሶ ተገኘ። በእነዚያ ዓመታት አዳራሽ አልነበረም፤ የድምፅ ማጉያ አልነበረም፤ ትልቅ ጉባኤም አልነበረም። የነበረው በየቤቱ የሚሰበሰብ፣ ብዙውን ጊዜ ከአምስት ሰው የማይበልጥ ቡድን ነበር። ከዚያ በላይ ሰው በአንድ ቤት ከታየ ቀበሌው ይጠረጥራል።

በዚያ ዘመን ያለፉ ሰዎች ሲተርኩ እንደ ሰማሁት፣ ስብሰባው ቡና መጠጣት ይመስል ነበር፣ አንዳንዴም የልደት በዓል። በአንድ ሰዓት ተሰብስቦ መግባት ስለማይቻል አንድ በአንድ ይገባሉ፣ አንድ በአንድም ይወጣሉ፤ መዝሙሩ በሹክሹክታ ነው። ጥቂቶች ብቻ ስለ ሆኑ ግን ሁሉም መናገር ነበረበት፤ ሁሉም መጸለይ ነበረበት። ቀድሞ በትልቁ አዳራሽ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ለዓመታት ድምፃቸው ያልተሰማ ሰዎች፣ በተለይም ሴቶች፣ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ አስተማሪና አጽናኝ ሆኑ። ከቤት ወደ ቤት እየሄዱ መልእክት የሚያደርሱትና ለእስረኛ ቤተሰብ የሚደርሱት በአብዛኛው እነርሱ ነበሩ። ከአምስት ሰው አንዱ ከቀረ ደግሞ ሊደበቅ የሚችል ነገር አይደለም። መቅረቱ መታሰር ሊሆን ስለሚችል በዚያው ማታ ማጣራት የግድ ነበር።

ይህን የምጽፈው መከራውን ለማስዋብ አይደለም። ስደት በራሱ ቤተ ክርስቲያንን ያሳድጋል የሚለውን አነጋገር አልወደውም፤ በብዙ አገር ስደት ቤተ ክርስቲያንን ጨርሶ አጥፍቷል። በእኛ አገር የሆነው ነገር ግን ስደቱ ሰዎችን ሳያስቡት እርስ በርሳቸው ወደሚተዋወቁበት መጠን አሳንሷቸው መገኘቱ ነው። ቁጥሩን ያሳደገው ቅጥር ሰባኪ አልነበረም። ጎረቤቶቻቸው ያዩት ነገር ነበር።

ከዚያ በፊትም በወላይታ ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። የኢጣሊያ ወረራ በዚያ ያገለግሉ የነበሩትን የውጭ አገር ሚስዮናውያን በ1929 ዓ.ም. ከአካባቢው ሲያስወጣ የተጠመቁት አማኞች 50 እንኳ አይሞሉም ነበር። ሚስዮናውያኑ ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚጠጉ አማኞች ጠበቋቸው። በመካከሉ መሪዎቹ ታስረዋል፣ ተገርፈዋል። በዚያን ጊዜ እስረኛ የሚበላው ከቤት የሚመጣለትን ስንቅ ስለ ነበር ዘመድ የሌለው ወይም ዘመዱ የራቀበት እስረኛ ይራባል። አማኞቹ ግን ከሥጋ ዘመዶቻቸው ውጭ ላሉት ወንድሞች ጭምር እየተሸከሙ ያመጡ ነበር፤ ሌላው ሰው እነዚህ ሰዎች እንዴት እንዲህ ይዋደዳሉ ብሎ መጠየቅ የጀመረው ይህን አይቶ ነው ይባላል።

ስንቅ የማቀበሉ ነገር ወደ ሌላ አሳብ ይወስደኛል። ስለ ማበረታታት ስንነጋገር ቶሎ ወደ አእምሯችን የሚመጣው ቃል ነው፤ ጥቅስ፣ ምክር፣ «አይዞህ»። ኤልያስ ግን ከኤልዛቤል ሸሽቶ ከክትክታው ዛፍ በታች ሞትን ሲለምን መልአኩ መጀመሪያ የነገረው «ተነሥተህ ብላ» የሚል ነበር። በላ፣ ጠጣ፣ ተኛ፤ ደግሞ ተነሥቶ በላ። ትምህርቱ በኮሬብ ተራራ የመጣው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። በዚያም «እኔም ብቻዬን ቀርቻለሁ» ብሎ ሲያማርር እግዚአብሔር ከመለሰለት መልስ ውስጥ ሁለቱ ሰዎች ናቸው፤ በአጠገቡ የሚሄድ ኤልሳዕ፣ ጉልበታቸውንም ለበኣል ያላንበረከኩ 7,000 ሰዎች። ብቸኝነቱን በክርክር አላሸነፈለትም፤ ጓደኛ ሰጠው።

የኢዮብ ወዳጆችም ብዙ ይወቀሳሉ፤ የሚገባቸውም ወቀሳ ነው። ነገር ግን ከመናገራቸው በፊት ከእርሱ ጋር ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ያለ አንዳች ቃል በምድር ላይ መቀመጣቸውን ማስታወስ ተገቢ ይመስለኛል፤ መጽሐፉ ሕመሙ እጅግ ከባድ መሆኑን ስላዩ ዝም እንዳሉ ይናገራል። ያጠፉት አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ነው። እኛ የለቅሶ ድንኳን ውስጥ እንደ ገባን «ሁሉ ለበጎ ነው» የምንለው ሰባቱን ቀን ሳንቀመጥ ነው። ልጅዋን ለቀበረች እናት ይህ ቃል ትክክል ቢሆን እንኳ በትክክለኛው ሰዓት አልመጣም።

አባቴ ባረፈ ጊዜ ያየሁት ነገር ይህን አስተሳሰቤን አጽንቶታል። እንደ አገሩ ልማድ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቤታችን ሰው ሞልቶ ነበር። እድሩ ድንኳን ተከለ፣ ጎረቤት ምግብ አመጣ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ዘመሩልን። ኢትዮጵያዊ ለቅሶ በመድረስ የሚታማ ሕዝብ አይደለም፤ እንዲያውም ሐዘንተኛ ለብቻው እንዳይተው ያለን ሥርዓት ብዙ አገር የሌለ ሀብት ነው ብዬ አምናለሁ። ችግሩ ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ነው። እናቴን ያየሁዋት በእውነት ስታዝን ያኔ ነበር። ከቤት ለቤት ኅብረታችን አንዲት እናት በየቅዳሜው መምጣት ያላቋረጡት በዚያ ጊዜ ነው። ብዙ ቅዳሜ ስለ ሐዘንም ስለ መጽሐፍ ቅዱስም ምንም አላነሡም፤ ከእናቴ ጋር ተቀምጠው ሽንኩርት ይከትፋሉ፣ ስለ ገበያው ዋጋ ያወራሉ፣ ሲሄዱ በአጭሩ ይጸልያሉ። ከወራት በኋላ እናቴ ራስዋ ሌላ ሐዘንተኛ ቤት መሄድ ስትጀምር፣ እዚያ ደርሳ የምታደርገውን ከእኚያ እናት እንደ ተማረች ገባኝ። ጳውሎስ እግዚአብሔር በመከራችን ሁሉ የሚያጽናናን እኛም ሌሎችን ማጽናናት እንድንችል ነው ያለው ይህን ይመስለኛል፤ የተጽናና ሰው ተረኛ ይሆናል።

በዚህ ላይ የዕብራውያን መልእክት የሚለው ነገር ከምናስበው ጠንከር ያለ ነው። መሰብሰባችንን እንዳንተው የሚያሳስበውን ቁጥር በየማስታወቂያው እንጠቅሳለን፣ በተለይ የእሑዱ አምልኮ ተሰብሳቢ ሲቀንስ። ከእርስዋ በፊት ያለችውን ግን ብዙ አንጠቅሳትም፤ ለፍቅርና ለመልካም ሥራ እንድንነቃቃ እርስ በርሳችን እንተያይ ትላለች። ያው መልእክት በሦስተኛው ምዕራፉም ከእናንተ ማንም በኃጢአት መታለል እልከኛ እንዳይሆን በእያንዳንዱ ቀን እርስ በርሳችሁ ተመካከሩ ይላል። እንግዲህ መበረታታት ማለት ማሞገስና ማጽናናት ብቻ አይደለም፤ ልቤ ሲደነድን ቀድሞ የሚያየውና የሚነግረኝ ሰው መኖሩም ነው። እኔ የራሴን ልብ መደንደን ለማወቅ የመጨረሻው ሰው ነኝ፤ መታለል ስለ ሆነ አይታወቀኝም። ሰባኪው ከመድረክ ሆኖ ይህን ሊያይልኝ አይችልም። ሚስቴን በምን ዓይነት ድምፅ እንደምናገር የሚሰማ፣ ስለ ገንዘብ ሳወራ ፊቴ እንዴት እንደሚለወጥ የሚያውቅ ሰው ግን ሊያየው ይችላል።

እንዲህ ያለ ቅርበት አደጋ አለው፤ ይህን ሳልጠቅስ ባልፍ የቤት ለቤት ኅብረት ያቆሰላቸው አንባቢዎች አይሰሙኝም። ብዙ ሰው ወደ ጥቃቅን ኅብረቶች መምጣት ያቆመው እምነቱ ቀዝቅዞ ሳይሆን በአንድ ማታ አምኖ የተናገረው ነገር በሳምንቱ ከሌላ ሰው አፍ ስለ ሰማ ነው። በእኛ መካከል ሐሜት ሐሜት ተብሎ አይመጣም፤ «እንድትጸልዩለት ብዬ ነው የምነግራችሁ» ተብሎ ነው የሚመጣው። የጸሎት ርእስ ሆኖ የተነገረ ምስጢር ደግሞ ለመቆጣት እንኳ አይመችም፤ ተናጋሪው በጎ አሳቢ ሆኖ ቀርቧልና። በዚህ ነገር ላይ የእኔ አቋም ጽኑ ነው። ምስጢር መጠበቅ የማይችል ሰው የጸሎት ሸክም መቀበል የለበትም፤ የኅብረቱ መሪም ይህን በግልጽ ለመናገር ማፈር የለበትም። ኦርቶዶክሳውያን ወገኖቻችን በንስሐ አባት በኩል ይህን ጉዳይ ሥርዓት አበጅተውለታል። እኛ ሥርዓቱን ትተን መናዘዙን ለአምስትና ለስድስት ሰው ከፈትነው፤ ጥበቃውን ግን አላበጀንለትም።

ወደ ዛሬው ስንመጣ፣ አብያተ ክርስቲያናት በነጻነት ሲሰበሰቡ ሦስት ዐሥርት ዓመታት አልፈዋል፣ አዳራሾቹም ሰፍተዋል። በእሑድ ጠዋት በሺህ የሚቆጠር ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር ሲዘምር መስማት የሚያስደስት ነገር ነው፤ ያን ዘመን ያሳለፉ ሽማግሌዎች በመዝሙሩ ድምፅ ብቻ ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ነገር ግን በዚያ አዳራሽ ውስጥ አንድ ሰው ለአንድ ዓመት መጥቶ፣ ዘምሮ፣ መባ ሰጥቶ፣ ከዚያም መምጣቱን ቢያቆም ማንም ሳያውቅ ሊቀር ይችላል። አንዳንዶች ይህን ፈልገው ነው ወደ ትልልቆቹ የሚሄዱት፤ ማንም አይጠይቃቸውም። በቴሌቪዥን የሚያገለግለው ነቢይ ስማቸውን በመንፈስ እንዲጠራላቸው የሚጠብቁ፣ አጠገባቸው ግን ስማቸውን የሚያውቅ ሰው የሌለ ብዙ ናቸው።

ስልክን በዚህ ነገር ጥፋተኛ ማድረግ ቀላል ነው፤ እኔ ግን አልቸኩልም። በዓረብ አገር በቤት ሠራተኝነት የቆየች አንዲት ዘመዴ እንደ ነገረችኝ፣ በአሠሪዎችዋ ቤት ባሳለፈቻቸው ዓመታት በከተማው ያሉ ኢትዮጵያውያን ዓርብ በሚያደርጉት አምልኮ ላይ መገኘት አልቻለችም፤ የዕረፍት ቀን አልነበራትም። ኅብረትዋ እንደ እርስዋ ከቤት መውጣት ከማይፈቀድላቸው እህቶች ጋር በሌሊት፣ የቤቱ ሥራ አልቆ ባለቤቶቹ ከተኙ በኋላ፣ በስልክ የሚደረግ ጸሎት ነበር። ድምፃቸው እንዳይሰማ ብርድ ልብስ ተከናንበው ይጸልያሉ። ጸሎቱ የሚጀምረው በስም ጥሪ ነው፤ አንዲት እህት ለሁለት ሌሊት ካልመለሰች ደርሰውላት የሚጠይቁ፣ ኢትዮጵያ ላሉ ቤተሰቦችዋም የሚደውሉ ነበሩ። ይህን ስሰማ በሹክሹክታ ይዘመርባቸው የነበሩት ክፍሎች ትዝ አሉኝ። በሌላ በኩል ብዙ መቶ አባላት ያሉት የቴሌግራም ቡድን ውስጥ አንዱ «ጸልዩልኝ» ብሎ ሲጽፍ በደቂቃ ውስጥ በሠላሳ «አሜን» ይጥለቀለቃል፤ በማግስቱ ግን «ምን ላይ ደረሰልህ?» የሚል አንድ ሰው አይገኝም። ሁለቱም ስልክ ናቸው።

በአዲስ አበባ በቅርብ ዓመታት የገጠመን ነገር ግን የተለየ ነው። በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ፒያሳና ካዛንቺስን የመሳሰሉ ነባር ሰፈሮች ለልማት ሲፈርሱ ነዋሪው ወደ ከተማው ዳር ዳር ተበተነ። ስለ ልማቱ እዚህ የምለው የለኝም፤ ስለ ኅብረቱ ግን አለኝ። በእነዚያ ሰፈሮች እድሩ፣ ጽዋ ማኅበሩ፣ የቤት ለቤት ጸሎቱ ሁሉ የቆሙት በእግር በሚደረስ ርቀት ላይ ነበር። የታመመ ሰው ጋ ለመድረስ ታክሲ መሳፈር አያስፈልግም ነበር፤ ሰው መቅረቱ በሩ ባለመከፈቱ ይታወቃል። የእኛም የረቡዕ ማታ ኅብረት ከካዛንቺስ ተነሥቶ ገሚሱ ገላን ጉራ፣ ገሚሱ በሌሎች ኮንዶሚኒየሞች ተበትኗል። ለጥቂት ወራት በአንድ ስፍራ መሰብሰቡን ለመቀጠል ሞክረን ነበር፤ ሁለት ታክሲ ቀይሮ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ መመለስ ለሽማግሌዎቹ የሚሆን አልሆነም። ከዚያ አንዳንዱ በአዲሱ ሰፈሩ ያለ ኅብረት ገባ፣ አንዳንዱ ምንም ውስጥ አልገባም።

ብዙ ከተመካከርን በኋላ የደረስንበት ነገር ቀላል ነው። አንድ ላይ የምንሰበሰበው በወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብቻ ሆነ። ቦታውም በተራ መሆኑ ቀርቶ በእኚያ ሽንኩርት ይከትፉ በነበሩት እናት ቤት ሆኗል፤ ጉልበታቸው ሌላ ሕንፃ ደረጃ መውጣት ስለማይችልና የእርሳቸው ቤት ምድር ቤት ስለ ሆነ። በቀሩት ሳምንታት እያንዳንዳችን ሁለት ሁለት ሰው ተከፋፍለን እንጠይቃለን። ከሁለቱ አንዱ የግድ በአዲሱ ሰፈሩ ገና ኅብረት ያላገኘ ሰው እንዲሆን ተስማምተናል። ጥያቄው በስልክ ቢሆንም ይቆጠራል፤ በወር አንድ ጊዜ ግን በአካል መሆን አለበት። የትራንስፖርቱን ወጪ የማይችል ካለ ከቡናው መዋጮ ላይ ይሸፈናል። እስካሁን ያልፈታነው የወጣቶቹን ጉዳይ ነው። ልጆቻችን በዚያ ኅብረት ውስጥ አብረው ያደጉ ናቸው፤ አሁን አንዱ የካምፓስ ፌሎሺፕ ውስጥ ገብቷል፣ ሌሎቹ ቅዳሜ ከሰዓት ትምህርት ወይም ሥራ አለባቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ የምንነጋገረው ስለ እነርሱ ነው፤ ከእነርሱ ሁለቱ ራሳቸው መጥተው እንዲነግሩን ጠርተናቸዋል።